ማከፋፈያ

ማከፋፈያችን አራት ነው ቀዳዳው፤
አራቱም ተይዟል፣ የፊቴ ነው ዕዳው።
ስንሻው ስልኩን ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል፣
«ለእኔስ የሚተርፍ ቀዳዳ ይኖራል?»

መጀመሪያ የመጣው እንፋሎቱ ነበር፣
ቀበሌ አስራ አራት፣ ከጎረቤት ሱቅ በብድር።
ከዚያ ባለ መርፌው ጎማ፣
ግንባሬን እንደ ማሳ እየተመላለሰ የሚያርስ፤
ከዚያም ነዛሪው፣ የወረደ መንጋጋዬን
«ተነሥ! አርባ ሁለት ዓመት ምን አባቱ!» እያለ የሚቀሰቅስ።
አራተኛው ጭምብል፣ ከውስጡ ቀይ የሚያበራ፤
ልጄ አንድ ማታ በሩን ከፍታ አየችኝ፣
ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት አትሄድም አባቷን ሳትጠራ።

በዛ ወይ?
የእያንዳንዱ ወረቀት «በሳምንት ሦስት ቀን» ይላል።
አራት ጊዜ ሦስት፣ አስራ ሁለት።
ሳምንቱ ሰባት ነው።
ፊቴ አንድ።

እኔ እኮ ሒሳብ አልስትም።
በብድርና ቁጠባው መስኮት ቁጭ ብዬ ስውል
አንድ ሰው ለአራት ብድር ዋስ ልሁን ብሎ ቢመጣ
«አይሆንም ጋሼ» ብዬ ሰነዱን እመልሳለሁ፤
ማታ ግን ይቺን አንድ ፊቴን
ለአራት ማሽን ዋስ አድርጌ አቆማታለሁ።
ለሰው የከለከልኩትን
ለራሴ እፈርማለሁ።

ስንሻው እምቦጭ የሚያጭደውን ማሽን ይጠግናል፤
ማታ ጫማው ጣናን ይዞ ይመጣል።
አንድ ምሽት ደጃፍ ላይ እግሩን እየታጠበ፣
ለእኔም ለግድግዳውም እንደሚያወራ፦
«አንዱ ያጭዳል፣ አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይፈጫል፤
ሦስቱን ባንድ ቦታ፣ ባንድ ቀን ካስነሣሃቸው ግን
አረሙ ሳይነቀል ውሃው ይደፈርሳል፣
ቆሮሶው እንኳ ሰፈር ይቀይራል።»
ስለ ፊቴ አንድ ቃል አልወጣውም።
ስለ ውሃ ነበር የሚያወራው።
እኔ ግን ጉንጬን ዳሰስኩት፤
ፀሐይ ላይ የዋለ የጀልባ ቆርቆሮ።

በማግስቱ ፋርማሲ ሄድኩ።
ሰውዬው በመነጽሩ በላይ አየኝ።
«ምን ቀባሽ?»
«ምንም አልቀባሁም።»
እውነቴን ነው። አልቀባሁም።
ሰካሁ።
ኋላ ሳላስበው አንድ በአንድ ነገርኩት፣
ንስሐ እንደገባ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።
ሦስተኛው ላይ ብዕሩን አስቀመጠ፤
አራተኛው ላይ ሳቁን ዋጠ።
«እያንዳንዱ ብቻውን ይሁን፣ ክፉ አይደለም፤
ግን በመርፌ የወጋሽውን ዕለቱን በእንፋሎት ትቀቅያለሽ?
እህቴ፣ ቆዳም ሰንበት አለው» አለኝ፤
የሚሸጠው ቅባት መደርደሪያው ላይ ሞልቶ፣
አንድ ሳይሸጥልኝ።

በዘንባባዎቹ ሥር በእግሬ ተመለስኩ።
ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፊቴ ላይ ሲያርፍ
መጀመሪያ አቃጠለኝ፣
ቆይቶ ቆይቶ፣ ተወኝ።

ቤት ስደርስ መብራት የለም።
በጨለማው ውስጥ የሆነ ነገር «ቧ!» አለብኝ፤
ልጄ ናት፣ ያን ጭምብል አጥልቃ፣
ያልበራ፣ የፕላስቲክ ፊት ብቻ።
«ፈራሽ?» አለችኝ።
«ፈራሁ» አልኳት።
ውሸት አልነበረም።
ጭምብሉን ከፍ አድርጌ ከሥሩ ያለውን ጉንጭ ሳምኩት፣
የሰባት ዓመት፣ ወዝ ያለው፣
ከአፉ ዳር የማንጎ ጭማቂ የደረቀበት።

አልጣልኳቸውም፣ ልዋሽ አልፈልግም።
ገና ዕዳቸው አልተከፈለም።
ካርቶናቸው አልጋ ሥር ነው፤
ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱን አወጣለሁ፣ አንዱን ብቻ፣
ሌሎቹ እንዳይሰሙ ቀስ ብዬ።

ያን ማታ ግን አራቱንም ነቅዬ
በጨለማ ተቀምጠን ሳለ፣
ከእኩለ ሌሊት በፊት መብራት መጣ፤
ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ጢጥ አለ፣

የስንሻው ስልክ።