ሁለት ደቂቃ

ኦውሉ ላይ፣ በታኅሣሥ፣
ፀሐይ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ትሰናበታለች።
እኔ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ
ይኼ ጨለማ አልበቃኝ ብሎ
ሌላ ጨለማ ልከፍት ወደ ምድር ቤት እወርዳለሁ።

ከሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ ሥር፣
ድሮ ድንች ይከማችበት በነበረ ክፍል፣
የበሩን ስንጥቅ በጥቁር ጨርቅ ወትፌ
ቀዩን አምፖል አበራለሁ።
አቼቶ አቼቶ ይሸታል።
ሰባት ተማሪዎች፣ ሰባት ቀያይ ፊቶች፣
ገና ያልተወለዱ ይመስላሉ።

«ወረቀቱን በአንድ ጥግ ያዙት» እላለሁ፤
«ሳህኑን ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙ፣
ሕፃን የተኛበት ይመስል።
ሁለት ደቂቃ። ሙሉ ሁለት ደቂቃ።
ጠቆረ ብላችሁ አትደንግጡ፣
ቀይ መብራት ውሸታም ነው፤
የቸኮለ ሰው አመድ ይዞ ቤቱ ይገባል።»
ይቺን ንግግር አሥራ አራት ዓመት ብያታለሁ።
አፌ ይላታል፣ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ።

ሌላው ቦታ ባሕሩ ነው።
ክረምት ሲጠና፣ ወደ ሃይሉኦቶ ደሴት
በረዶው ላይ የመኪና መንገድ ይከፈታል።
እኔ የማነሳው መንገዱን አይደለም፣
ሞቱን ነው፤ ሚያዝያ ሲገባ፣
መንገድ ያመለክቱ የነበሩት የጥድ ቅርንጫፎች
ማንንም ሳይመሩ ውሃ ውስጥ ቆመው።
ስንት ጊዜ አነሳሁት፣ ስንት ጊዜ ጣልኩት!
ያልታጠቡት ፊልሞች ማቀዝቀዣዬ ውስጥ
ከዓሣው ጎን ተደርድረዋል፤
እህቴ ስትመጣ «የቱ ነው የሚበላው?» ትላለች።

ታውኖ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፣
ዕድሜውን ወረቀት ፋብሪካ የጨረሰ።
ፎቶ ሲሰጡት መጀመሪያ ጠርዙን
በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፣ ከዚያ ነው የሚያየው።
ጥቅምትን ሙሉ አንዲት ጀልባ ብቻ አተመ፣
«ውሃው ይቀረዋል» እያለ።
ፒህላ ገና አሥራ ስድስቷ፤
አንድ ማታ ኪሷ ውስጥ የረሳችው ስልክ በራና
ሳህን ውስጥ የነበረው ሁሉ ከሰል ሆነ።
ማንም አልጮኸባትም።
እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣
በልቤ የወረቀቱን ዋጋ ደምሬያለሁ።

በሦስት ሰዓት ይበተናሉ።
ከሦስት እስከ ስድስት የኔ ነው።
ደመወዜ ይኼ ነው፤
ብሩማ ለአውቶቡስና ለፊክሰር ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ታውኖ ቀረ።
«ኮቴን ረሳሁ» አለ፤ ኮቱን ለብሶ ነበር።
ዝም ብዬ ኔጌቲቬን አስገባሁ፣
ብርሃን አሳየሁ፣ ወረቀቱን ነከርኩ።
ቅርንጫፉ መጣ። የበረዶው ጠርዝ መጣ።
ሰማዩ ሊመጣ ሲል ፈራሁ፤
እንዳይጠቁርብኝ፣ እንዳለፉት እንዳይሆንብኝ፣
በመቆንጠጫ መንጭቄ አወጣሁት።

«አርባ አምስት ሰከንድ» አለ ከኋላዬ።
ሌላ ምንም አላለም።
ለካ ፋብሪካው ውስጥ ሠላሳ ዓመት
የጥራት ተቆጣጣሪ ነበር።

ሁለተኛ ወረቀት አወጣሁ።
«እጄን ያዝልኝ» አልኩት።
አልያዘኝም፤ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ፣
አንድም ቁጥር ሳያሽሞነሙን።
ዘጠና ላይ ሰማዩ መጣ።
መቶ ላይ፣ ሳነሳው ያላየሁት ነገር፣
ሩቅ፣ የነጥብ ያህል፦
ሰው? ውሻ? አቧራ?
እስካሁን አላወቅሁም።

ጥሩ ነው አላልኩም።
ውሃ ውስጥ ነው፣ እየታጠበ።
ታውኖ በሩን ከፍቶ ሲወጣ
ኮሪደሩም፣ ውጪውም ጨለማ ነበር፤
የሚገባ ብርሃን አልነበረም።
ልማድ ሆኖብኝ ግን
«በሩን!» ብዬ ጮህኩ።