ብር ማለት

ሚያዝያ ሊያልቅ ሁለት ቀን፣ ቱ ሃርበርስ ገና አልሞቀም፤
ሐይቁ በረዶ ያኝካል፣ ጨርሶ ግን አልዋጠም።
ቀኑን ሙሉ ወደቡ ላይ የሚዛን ሠራተኛ ነኝ፤
የሰው ጠጠር፣ የሰው ብረት ሲከብድ የሚውልብኝ።
ማታ ታዲያ የማይከብድ ነገር ያምረኛል፤
ድሮኔን ከሻንጣዋ አውጥቼ
ብር! ሳደርጋት፣ ትከሻዬን ቀለል ይለኛል።

ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ ግራም ናት፤
ሠሪዎቿ ሕጉን አይተው አንዲት ግራም የነፈጓት።
ለጨዋታ እስከሆነ ድረስ መዝገብ እንኳ አያውቃት፤
ከአራት መቶ ጫማ አትዝለል፣ ከዓይኔም አትሰወር፣
ከዚያ ወዲያ ማን ከልክሏት፣ ያሻትን ታማትር።

ጎረቤቴ ኢርማ ኮስኪነን
አንድ ማክሰኞ በአጥሩ በላይ ጠራችኝ፤
የክረምቱ በረዶ የጭስ ማውጫዋን ሳይነቀንቀው አልቀረም፤
የመድን ሰውዬው «ፎቶ ላኪ» ብሏታል፣
እሷ ደግሞ ሰማንያን አልፋለች፣ ጣሪያ አትወጣም።
«ያቺ ንብህ አንዴ ታይልኝ» ብላ
ሃያ ዶላር በአራት አጥፋ ዘረጋችልኝ።

እጄን ዘረጋሁ፤ መልሼ ሰበሰብኩት።
ዴል ቶርቪክ ትዝ አለኝ፤
ድሮ የእርሻ መድኃኒት ከአየር የሚረጭ አብራሪ፣
ዛሬ ከሚዛኑ ማዶ የሚቀመጥ ጓዴ።
ደወልኩለት።
«ከተከፈለህ ጨዋታው አለቀ፤ የአብራሪ ፈቃድ ታወጣለህ።»
«ብመልስላትስ?»
ሳቀ። «ብትመልስም ያው ነው።
ለሷ ጉዳይ ከተነሳህ፣ ሥራ ነው።»

አቤት ይቺ ቋንቋዬ! ገንዘቡም ብር፣ መብረሩም ብር፤
አለ ለካ መሥሪያ ቤት፣ ሁለቱን ብር የሚያስተያይ፣ የሚቆጥር።
ለደስታዋ ብር ብትል ማንም ጠያቂ የላት፤
ለሰው ልትበጅ ስትነሳ
ያን ጊዜ ፈቃድ ጠየቋት።
ግራሟ አልጨመረ፣ ክንፏም አልረዘመ፤
ሃያ ዓመት የቆምኩበት ሚዛን ይህን አያውቅም፦
ምክንያትም ይመዘናል።

ኢርማን «ቆዪኝ» አልኳት።
ዝናቡ አልቆየም።
እሑድ ሌሊት ማድ ቤቷ ውስጥ የሾርባ ድስቷ ጠብታ ሲቆጥር አደረ።
ሰኞ መሰላል አቆምኩ፤
መሰላል ፈቃድ አያሻው፣ ፈተና የለው፤
ሰባተኛው እርከን ላይ ጫማዬ ሸተት ሲል
ነፍሴ ያለ ምዝገባ ብር ብላ፣ ዞራ ተመልሳ ገባች።
ጫፍ ደርሼ ያየሁት የገዛ ጉልበቴን መንቀጥቀጥ ነው።
ሸራ አልብሼ ወረድኩ።

ሦስት ሳምንት አጠናሁ፤ የደመናን ከፍታ፣ የነፋስን ጠባይ፤
ካርታው ላይ እንደ ሽንኩርት ተልጦ፣ ተቀብቶ ሰማይ።
ዱሉዝ ወረድኩ፤ ከስልሳው ጥያቄ አርባ ዘጠኝ መለስኩ፤
ለሃያ ዶላር ሥራ መቶ ሰባ አምስት ከሰከስኩ።
«ከሰርክ» አለኝ ዴል። ምን ይባላል፣ እውነቱን ነው።

ፈቃዱ መጣ፤ ለዚያች ላባ ቁጥር ተለጠፈላት፤
ነፋስ በበረደበት ጠዋት ከኢርማ ጓሮ አስነሳኋት።
ያው ክንፍ፣ ያው ከፍታ፣ ያው ሐይቅ።
እጄ ግን እንደ ማታው አልሆነም፤
ሰው ቆሞ የሚጠብቃት ነገር ትከብዳለች መሰለኝ።

ፎቶው ላይ ጡቡ ለሁለት ተሰንጥቆ ይታያል፣
ለመድን ሰውዬው በቂ።
ከታች በጥጉ በኩል፣ ማንም ያልጠየቀው፣
ሁለት ነጥብ፦
አንዷ መዳፏን ግንባሯ ላይ ያስጠጋች፣
አንዱ ወደ ላይ ያንጋጠጠ፣
ከዚያ ሲታይ ምንም የማይመዝን።

ኢርማ ሃያዋን ከጨው ዕቃው ሥር አወጣቻት፤
እንደዚያው በአራት እንደታጠፈች።
ተቀበልኳት።
ብር።