ውሃ ልክ

እናቴ ስትወልደኝ ስሜን «እርገጤ» አለች፤
ምድር እንዳትከዳኝ አደራ ብላለች።
አርባ ዓመት ሠራሁ በሲባጎ መትሬ፣
ጠባሴ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ደርድሬ፤
የበሬሳ ነፋስ ከላይ እየገፋኝ፣
አንድ ቀን አላልኩም «ኧረ ሰው ደግፈኝ»።

ባለፈው ጥር ግን፣
ፊቴን ስታጠብ፣ ሳሙናው ዓይኔን ሲያስጨፍን፣
ግቢው ከሥሬ ሸሸ፤
ባልዲውን ተከትዬ ወደቅሁ፤
ሱሪዬ ጨቀየ፣ ስሜ ተበላሸ።
ሌላ ቀን መብራት ጠፍቶ፣
እግሬ ወለሉን ፈልጎ አጥቶ፣
ከአጎዛው ጋር ተንሸራትቼ፣
ቁም ሣጥኑ ሥር ነጋልኝ ተኝቼ።
እናቴ ሆይ፣ አደራ በላ ናት ምድርሽ።

ሰፈሩ ዝም አይልም፦ «ጠጥቶ ነው እኮ!
አረቄ ነው እንጂ፣ ማን ይጥለዋል ማርኮ!»
የቤቱን መሠረት የጣልኩለት ደምሰው እንኳ
ሲያየኝ መንገድ ቀየረ።
ጥሩወርቅ ግን ቀረብ ብላ አፌን አሸተተች፤
ምንም የለም።
«ተነሥ፣ ሐኪም ቤት» አለች።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ሐረገወይን ይሏታል።
ጫማዬን አስወልቃ፣ ዓይኔን አስጨፍና፣
በቀጭን ክር ውስጥ እግሬን ትነካለች።
«አባባ፣ ይሰማዎታል?»
«ምኑ?»
«አሁንስ?»
«ምነው ልጄ፣ ገና መቼ ጀመርሽ?»
ዝም አለች።
ለካ ጀምራ ጨርሳለች።

«ስኳሩ ነው አባባ፣ ቀስ ብሎ የገባ።
ሰው የሚቆመው በሦስት ነው፣ እንደ ጉልቻ፤
አይምሰልዎ በእግር ብቻ።
ዓይን አለ፣ አድማሱን የሚያይ፤
ጆሮ አለ፣ ከውስጡ ጠብታ ውሃ ያለበት፣
ራስ ሲያዘነብል አብሮ የሚያዘነብልበት፤
ውስጥ እግር ደግሞ የመሬቱን ወሬ ያመጣል።
የእርስዎ ወሬኛ ዝም ብሏል።
እስካሁን ዓይን ሸፈነለት፤
ሲጨልምና ሲጨፈን ግን፣
ጆሮ ብቻውን ድስት አይችልም።»

ሳቅሁ።
አርባ ዓመት ከኪሴ ያልተለየ፣
አረፋው መሃል ገብቶ «ቀጥ ብሏል» እያለ
ስንቱን ግድግዳ ያስማለኝ ውሃ ልክ፣
ለካ ጭንቅላቴ ውስጥም አለ!

መድኃኒት ስጠብቅ ሥራ አሸከመችኝ፦
አጎዛው ከወለል ይነሣ አለችኝ፤
ሌሊት ያለ ባትሪ እንዳልነሣ፣
ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጬ እስከ ሃያ እንድቆጥር፣
ማታ ማታ እግሬን በዓይኔ እንድመረምር፣
የማይሰማ እግር ቁስሉንም አይናገር።
«ከዘራም ይያዙ» ስትል ግን ፊቴ ጠቆረ።
ግንበኛ እርገጤ፣ ባለ ከዘራ?
ከሞትኩ በኋላ አሉ፣ ያኔ ይወራ!

እሑድ ከቅኔ ማሕሌቱ በር ቆሜ አየሁ፤
ካህኑም ጎረምሳውም፣ ያ ደረተ ሰፊው ሳይቀር፣
በመቋሚያ ተደግፎ ነው የሚያድር።
ጤነኛው በእንጨት ቆሞ ካመሰገነ፣
እኔ በየትኛው ጉልበቴ ነው እንጨት የናቅሁ?
ሰኞ የወይራ ከዘራ ገዛሁ።
ሻጩ ደምሰው ነው። ዋጋ አልተከራከርኩም፤
እሱም ቀና ብሎ አላየኝም።

አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ውርጩ ሳይለቅ፣
ከአጥሩ ግንብ ሥር ሲባጎ እወጥራለሁ፣
ተረከዝ ከጣት ጫፍ እያጋጠምኩ እሄዳለሁ።
ጥሩወርቅ ከጎኔ፣ እጇን ዘርግታ፣
አምልጣ የሄደች ዶሮ እንደምትይዝ፣
ሳትነካኝ ትከተላለች።
ድሮ ድንጋዩን ነበር ከክሩ የማስተካክል፤
ዛሬ ድንጋዩ እኔ ነኝ።
አንዳንድ ቀን አልሰምርም፤ ክሩን ረግጬ እበጥሳለሁ፣
እሳደባለሁ፣ ገብቼ እተኛለሁ።

ትናንት ያለ ከዘራ ስድስት እርምጃ ሄድኩ።
ዛሬ ሰባት።
በስምንተኛው ምድሪቱ እንደ ልማዷ ከዳችኝ፤
ጥሩወርቅ «ውይ!» ሳትል፣
እጄ ሄዶ ግንቡን ያዘ።
በሰማንያ ሁለት በጋ፣ ቱንቢ ጥዬ፣
ድንጋዩን አንድ በአንድ መርጬ የገነባሁት ነው።
እንኳን ሊወድቅ፣
አልተነቃነቀም።