አጠረ

አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሳቄን በመዳፌ ጋርጄ ኖርኩ፤
ያጠራቀምኳት ብር ስትሞላ፣ ጥርሴን በሽቦ አጠርኩ።

ደብረ ብርሃን ነው ቤቴ፣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል ብርዱ፤
ጥርሴን የነቀልኩት በክር ነው፣
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ከክፍሎቹ ባንዱ።
ድር ሲላላ ይተበተባል፣ ሲከር ደግሞ ይበጠሳል፤
እጄ ይህን ያውቅ ነበር፤ አፌን ግን ማን ያስተምረዋል?

"ጌጤ፣ በስተርጅና?" አሉኝ። "ለማን ልትስቂ ነው እንዲህ?"
ልጄም ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣
"እማ፣ ፈገግ አትበይ" አለ፣ ዓይኑን ጥሎ ወዲያ ወዲህ።

ስመኝ የሥራ ባልደረባዬ፣ አዲስ አበባ ወርዳ፣
ብርጭቆ የመሰለ የላስቲክ ልባጥ አሠርታ፣
በምሳ ሰዓት ታወልቀዋለች፣ በሶዋን ጠጥታ፣
ታጥበዋለች፣ ትመልሰዋለች፣ ማንም ሳያይባት።
የእኔ ብረት፣ የእሷ ላስቲክ፤ የእኔ ይታያል፣ የእሷ አይታይ፤
"ምነው በሷ በሆንኩ" እል ነበር፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ፣
ገንፎ እያላመጥኩ በሥቃይ።

ዶክተር ኅሩይ በየወሩ ሽቦውን ያከርረዋል፤
ሦስት ሌሊት ያስለቅሳል፣ በአራተኛው ይለቃል።
እኔ ግን ቸኮልኩ፦
"ጠበቅ አርገው ዶክተር፣ ለጥር የእህቴ ልጅ ሠርግ አለብኝ" አልኩ፤
እኔ፣ ክር ወጣሪዋ፣ በገዛ አፌ ይህን ለመንኩ።

በኅዳር፣ ውርጩ መስኮቱን ነጭ ባለበሰው ጠዋት፣
ፊልሙን ከመብራቱ ፊት አቆመው፤
ዝም አለ መጀመሪያ። ዝምታው ነው የነገረኝ።
ቀጥሎ በእስኪርቢቶው ጫፍ፣ "ይዩ" አለ፣ አሳየኝ።

ከላይ፣ ጥርሴ ተሰልፏል፣ ባንዲራ ሲሰቀል እንደቆመ ተማሪ፤
ከድዱ በታች ግን፣ ከፊቶቹ አራቱ፣
ሾጣጣ የነበረው ሥራቸው፣
ልጄ እንደሚያኝከው እርሳስ፣ ዶልዱሟል ጫፋቸው።

"አጥሯል" አለ።
ቃሉን ሁለት ጊዜ ሰማሁት፦
እኔ ነኝ ያጠርኩት፤ አጥሬ ነው ያሳጠርኩት።

"ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። የልጅ አጥንት ለጋ ነው፣ ይሰጣል፤
የትልቅ ሰው አጥንት ግን፣ እንደ መንዝ ድንጋይ ይሟገታል።
ጉልበት ሲበዛ፣ ጊዜ ሲረዝም፣
ሰውነት የገዛ ሥሩን ይልሳል።"

"ታዲያ ላስቲኩ ይሻል ኖሯል?" ብዬ ጠየቅኩት።
"ይቀንስ ይሆናል" አለ፣ "ግን እሱም ነጻ አያወጣም።"
ለስመኝ ነገርኳት፤ እሷም ሄዳ ፊልም ተነሣች፤
ከእሷም ጎድሏል፣ ከእኔ ያነሰ፣ የጤፍ ራስ የምታህል።
ከማቅለሚያው ክፍል ኋላ ቆመን፣ አፍ ለአፍ ተያየን፤
ቅናቴ ያኔ አለቀ። ምን ይቀናል፣ በጎደለ?

ዛፍ ልል ነበር፣ ሥር ሲባል ዛፍ ይመጣል ባፍ፤
ከጣርማ በር ማዶ ነፋስ የጣለው ባሕር ዛፍ።
ግን ባሕር ዛፍ ሲቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፤
የጥርስ ሥር አያቆጠቁጥም። የቀረው ነው የሚቀር።

ሦስት ወር ዕረፍት ታዘዘ። ሽቦው ላላ፤ ጥርሴም ባለበት ቆመ፣
ክራንቻዬ ሩብ መንገድ ቀርቶት፣ ከሰልፉ እንደወጣ።

ጥር ገባ፣ ሠርጉ ደረሰ።
ቪዲዮ አንሺው መብራቱን ወደኛ ሲያዞር፣
እጄ እንደ ልማዱ ተነሣ፣
ከአገጬ አለፈ፣ ከንፈሬ ጋ ደረሰ፣
ከዚያ፣ አላውቅም፣ ሰለቸው መሰለኝ፣ ተመለሰ።
ገብስ ቆሎ ቀረበ። በመንጋጋዬ፣ አንድ አንዷን፣
እንደ ሰው ዕቃ እየተጠነቀቅኩ።

ሰኞ ፋብሪካ ገባሁ። ድሩን በጣቴ መታ አደረግኩት፤
ከሯል፣ እንደ ክራር ይጮሃል።
አለቃው "ይሄዳል፣ ልቀቂው" አለ።
አልለቀቅኩትም፤
የማክረሪያውን ጥርስ፣ አንዷን ብቻ፣
ወደ ኋላ መለስኳት።