ሰባተኛው ክፍል

ካርታው ተመለሰ፤ ባንኩ ስሜን ፋቀ፤
አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ያደረ ዕዳ፣ በማኅተም አለቀ።
ማን ያምነኛል ብል? ሌሊት እነቃለሁ፤
ጎኔን እየዳበስኩ፣ የሚከፈል ነገር እፈልጋለሁ።

ሽምብጥ ነው ቤቱ፣ ከአስፋልት ገባ ብሎ፣
በጨርቃጨርቁ ፋብሪካ፣ በሌሊት ፈረቃ፣ ብሎኬቱ ተከፍሎ፤
ሰባት በር በአንድ መስመር፣ በአንድ ቆጣሪ፣ በአንድ ሮቶ፣
ሌሊት ሌሊት ሞልቶ የሚፈስ፣ ተንሳፋፊው ተበላሽቶ።

ይሁኔ መጣ፣ የልጄ ባል፤ ስልኩን አውጥቶ ደመረ፤
«አባባ፣ ወለድ የለ ከእንግዲህ፤ ኪራዩ ብቻ ነው የቀረ።
በየበሩ አምስት መቶ ይጨምሩ! ከተማው ሁሉ ጨመረ።»

እኔም ቆጠርኩ፣ በጣቴ፣ ድር እንደምቆጥር ድሮ፣
አንዱን በር ካንዱ በር፣ ሰውን ከነኑሮ።
ሁሉአገርሽ ነርሷ፣ ሲነጋ ከተረኝነት ስትመለስ
ጫማዋን በእጇ ይዛ ታልፋለች፣ የተኛ እንዳትቀሰቅስ።
አንሙት ባለባጃጁ፣ ጎማው የፈነዳ ወር
ኪራዩን ለሁለት ከፍሎ ያመጣል፤ ሳንቲም ግን አያስቀር።
ዓሣ የሚበልተው የኔሰው፣ ከበሩ ድመት አይጠፋም፤
የፖሊዎቹ ልጆች፣ ፈተና ሲደርስ አምፖሉ አይጠፋም።
የቀሩትን ሁለቱን ብናገር ያስረዝማል።

ሦስት ሺህ ነው አንዱ በር።
አንዷ ብትወጣ፣ ሁለት ወር ባዶውን ቢዘጋ፣
የዓመቱ ጭማሪ ተበላ፤ ቀለሙ፣ የደላላው ዋጋ
ገና ሳይቆጠር።

«ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይፍለቅ?» አለኝ።
ወደ ሐይቁ አወረድኩት።
ግልገል ዓባይ ይገባል፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ፤
የክረምቱን ማን ያዘዋል? ሰው ያበጀው በር
ጨራጨራ ነው፣ በመውጫው ደጅ።
«የሚገባውን ተወው፣» አልኩት፣ «የሚወጣውን እንይ።»

ያን ቀን ተንሳፋፊውን ለወጥን።
ከዚያ ይሁኔ ሰባተኛው በር ላይ ቆመ፤ ቁልፉ ዝጓል።
«እዚህስ ማን ነው?»
ዝም አልኩ።
ለፎቁ ብዬ ያኖርኩት ጣውላ፣ የፌሮ ቁራጭ፣ ሽቦ፣
የባንክ ደረሰኝ በሲሚንቶ ከረጢት፣ አቧራ ተከናንቦ።
ለስድስቱ በር አምስት አምስት መቶ ቢጨመር፣
ድምሩ ያው ይኼ በር ነበር።
አሥራ አንድ ዓመት ኪራይ ያላስገባ ተከራይ
እኔው ኖሬያለሁ ለካ፣ ያልተሠራ ፎቅ ላይ።

ጣውላውን የኔሰው ወሰደው፣ ዓሣ መበለቻ።
ከረጢቱን አልጣልኩም፤ አልጋዬ ሥር አለ።
ትናንት አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች፤
ሲንጀሯ የት እንደሚቆም በእርምጃ ለካች፤
«ውኃ አለ?» አለች።
«አለ።»

ሌሊት ነቃሁ ደግሞ። ጆሮዬን ጣልኩ።
ሮቶው ዝም ብሏል።