ዘጠኝን ሁለት ብሎ

ቱሉ ዲምቱ ሌሊት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
የሲኖትራክ ጩኸት በመስኮት ሲገባ፣ በመስኮት ሲወጣ፣
የሞርፊኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ ታስሮ፣
መዝገቡም ጠረጴዛው ላይ በሁለት ፊርማ ታጥሮ፣
አልጋ ስድስት ጋ ቆምኩ።

አቶ ደንድር ናቸው። ኮዬ ፈጬ፣ ግድግዳ ሲለስኑ
መወጣጫው ከዳቸው፤ ተረፉ፣ ስላልደረሰ ቀኑ።
ከሰዓት ጭናቸው ተከፍቶ ብረት ገባበት።
«ከዜሮ እስከ አስር፣ ሕመሙ ስንት ነው?»
«ሁለት።»
ጥርሳቸው ግን ብርድ ልብሱን ነክሷል፣
ላባቸው ከትራሱ አልፎ ፍራሹን አርሷል።
«ወንድ ልጅ ቻይ ነው» ሲባል የኖረ፣
ዘጠኝን ሁለት ብሎ፣ ሰባቱን ለብቻው ቀበረ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤
መድኃኒቱን የደበቀስ?
ሐኪሙ አዟል፣ መጠኑ ተጽፏል፣
ሰዓቱም አልፏል።
እጄ ግን ቁልፉን ጨብጦ ቀረ።

ታናሽ ወንድም አለኝ፣ ገላን።
ትርፍ አንጀቱ ሲወጣ የሳምንት ትራማዶል ሰጡት፤
ሳምንቷ ሁለት ዓመት ሆነች።
ቁስሉ በወሩ ገጠመ፣
እሱ ግን ያቺን ፍሬ ሲያሳድድ ከረመ።
አንድ ቀን የእናቴን ሲሊንደር ሸጠ፣
ሽሮው ገና ሳይወርድ።
ከዚያ ወዲህ እጄ ይሰስታል፤
ከሁሉም ሰው ጠብታ ላይ ወንድሜን ይቀንሳል።

አቶ ደንድር ግን የሱ ዕዳ የለባቸውም።

ከፈትኩ። ቀዳሁ። ሲስተር ኦብሴ ፈረመች።
በደም ሥር፣ ቀስ፣ እንደገና ቀስ።
ከዚያ ወንበር ስቤ ትንፋሽ ቆጠርኩ፦
አስራ ስምንት። አስራ አራት። አስራ ሁለት።
ቢበዛ ሰውየው አይነቃ፣
ቢያንስ ሌሊቱ አያበቃ።
ማርከሻው ትሪው ላይ ነው።
አስር ሲሆን ትከሻቸውን ነቀነቅኩ፦
«አቶ ደንድር! ይተንፍሱ!»
«ኧረ ልጄ፣ ሕልም ጀምሬ ነበር» አሉኝ ተቆጥተው።
ሳቄ መጣ። እስኪነጋ አልተነሳሁም።

ጠዋት በክራንች ሦስት እርምጃ ሄዱ።
«አሁንስ ስንት?»
አሸዋና ሲሚንቶ እንደሚያመጣጥን ሰው አሰቡ።
«አምስት... አምስት ተኩል፣ እውነቱን ከፈለግሽ።»
የሌሊቱ ግማሽ ይበቃል፣ ፓራሲታሞል ተጨምሮበት፤
ነገ የግማሹ ግማሽ፤ ወደ ቤት ሲሄዱም
በጣት የሚቆጠር ፍሬ፣ ማብቂያው ቀን የተጻፈበት።

ቁልፉን ለቀን ተረኛ አስረክቤ ወጣሁ፤
ገመዱ አንገቴ ላይ መስመር ትቷል።
የገላን ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል።
ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰድበው፣ ኪሱን ስበረብር፣
አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቅኩትን
ዛሬ ወንድሜን እጠይቀዋለሁ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፦
ከዜሮ እስከ አስር፣ ስንት ነው?