ማለፊያ

ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬ መስማት ነው፣
ሰው ዘርዝሮ ሲያወራ ባጭሩ መክተብ ነው።
የሳቀ አይጻፍም፣ ያለቀሰ አይጻፍም፤
"ሐሳብ ተሰጥቷል" ነው፣ ከዚያ ወዲያ አይታለፍም።

ማክሰኞ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ
ፕላን ተዘረጋ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ድንጋይ፣ ንፋስ ወስዶት እንዳይሸሽ።
አንድ ቀጭን መስመር በቀይ እስክሪብቶ፣
ከአስፋልቱ ተነሥቶ፣ ተጠማዞ ገብቶ፣
የወይዘሮ ይታይሽን ግድግዳ ተጠግቶ፣
በጓሮ ይወጣል የቦዩን አፍ ዘግቶ።

"ደንበኛ አይወርድም" አለ ባለሀብቱ ዳኘው ሞላ፣
"ባንዱ መስኮት ያዝዛል፣ ይቀበላል በሌላ፤
በርገር ነው፣ ጭማቂ ነው፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣
ሦስት ደቂቃ ብቻ! ጎንደራችን ትስፋ።"

"ስሙ ማን ይባላል?" አለ ሰብሳቢው፣ ብዕሬን አይቶ፣
"በአማርኛ ይጻፍ።" ቤቱ ዝም አለ ተያይቶ።
አንዱ "የመኪና ሱቅ"፣ አንዱ "የጎማ በር" ሲል፣
የመሬት አስተዳደሩ ልጅ ጉሮሮውን ጠረገና
"ማለፊያ መስኮት" ቢባል?
ጻፍኩት።
ስጽፈው ቃሉ ከእጄ ላይ ሳቀ።

ጋሽ አጣናው ተነሡ፣ ትራፊክ የነበሩ፤
የወተት ቆርቆሮ ነቅነቅ አድርገው ጀመሩ፦
"ለየመኪናው አንዳንድ ሽምብራ ነው የጣልኩት፣
ሳሙና በር መታጠፊያ ቆሜ ነው የቆጠርኩት፤
መስኮት ሳይኖር ገና ሁለት መቶ አሥር ነው፣
ሲከፈትማ ጊዜ ሽምብራ ከየት ላምጣው?"

ሲስተር ጠጅቱ ቀጠለች፣ የሌሊት ተረኛ፣
ዓይኗ ፍም መስሏል፦ "እኔ ቀን ነው የምተኛ፤
ታማችሁ ስትመጡ የምቀበላችሁ ሌሊት፣
ጥሩምባ ስሰማ ውዬ መርፌው ቢስት?"

ማንደፍሮ ግን፣ ዲግሪውን ሦስት ዓመት በላስቲክ የጠቀለለ፣
"አሥራ ስምንት ሰው ይቀጠራል፤ ጩኸቱን እኔ እችለዋለሁ" አለ።
እሱም እውነቱን ነው።
"ሐሳብ ተሰጥቷል" ብዬ አለፍኩት፤
ሁለቱንም እውነት ባንድ መስመር ከተትኩት።

ከዚያ ልቤ ሸፈተ ወደዚያ ወደ ግንቡ።
በሩ ዐሥራ ሁለት ነው፣ ሁሉም በየወግ የሚገቡ፦
ፈታዩ በአደናግር በር፣ ነፊው በእምቢልታ፣
ለቀስተኛው በተዝካሮ፣ ማንም ከማንም ሳይምታታ።
ይኼ ነው ለካ ፕላን! ገና ማስመሪያ ሳይመጣ፣
ማን በየት እንዲገባ፣ ማን በማን ደጅ እንዳይወጣ።
ለዐሥራ ሦስተኛው በር፣ ለማይወርደው እንግዳ፣
ማን ይሆን ተነሥቶ የሚለቅለት ሜዳ?

ኮሚቴው ሜትር ይዞ ወጣ ሊመሽ ሲል፤
ሦስት ሜትር ከሃያ፣ ከትራሷ እስከ መስኮቱ ክልል።
ለሙከራ ተብሎ ሾፌሩ በመስመሩ ሲነዳ
መብራቱ መጋረጃዋን ዘልቆ ወደቀ ከግድግዳ፣
በሟች ባሏ ፎቶ ላይ፤ ፊቱን አንዴ አበራና
ጥሎት ሄደ መኪና።

ማንም ምንም አላለ።
ወይዘሮ ይታይሽ፣ ቀኑን ሙሉ እጃቸውን ያላወጡ፣
ነጠላቸውን አስተካክለው ወደኔ መጡ፦
"ማለፊያስ ማለፊያ ነው፣ ለሚያልፍበት፣ ልጄ፤
እኔ ግን ማደሪያ ነበር የምፈልገው ከደጄ።"

ውሳኔ፦ መስኮቱ ወደ አስፋልቱ ይዙር፣
ቦዩ ይከፈት፣ ከመኝታ ቤት ይራቅ፣ ይታጠር፤
ከምሽቱ ሦስት በኋላ መብራትም ጥሩምባም አይኑር፤
በሚመጣው ማክሰኞ ዳግም ይታይ።

ፈረሙ። ማኅተም ወረደ።
የይታይሽን ቃል ግን ሳላሳጥር አስገባሁት፣
ቢቀጡኝም ይቅጡኝ፤ እንደተባለ ጻፍኩት።

ወንበሩን ስሰበስብ ጠረጴዛዬ ላይ
ጋሽ አጣናው አንዲት ሽምብራ ትተዋል፤
ለሰብሳቢው መኪና።